ፋኑን ዝም ማሰኘት ወይስ ሙቀቱን መቀነስ?

ጥያቄ፦ «ላፕቶፔን የገዛሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ሲሆን ኮር አይ7 9750ኤች ፕሮሰሰርና ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ አለው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ቀድሞ ጌም ካልተጫወትኩ በቀር ድምፁ አይሰማም ነበር። አሁን ግን ዩቲዩብ ስከፍት እንኳ ፋኑ ይጮኻል። የእግር ኳስ ጌም ስጫወት ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት ይሆናል፤ ሙቀቱም 95 ዲግሪ ይደርሳል። አንድ ባለሱቅ ራም ጨምርበት አለኝ። ጓደኛዬ የፋኑን ፍጥነት የሚቀንስ ፕሮግራም ጫነልኝ፤ ድምፁ ቀነሰ፣ ጌሙ ግን መቆራረጥ ጀመረ። ከሥር የሚቀመጥ ባለፋን ማቀዝቀዣ ገዝቼም ለውጥ አላየሁም። ይቃጠልብኛል? ከመቃጠሉ በፊት ልሽጠው?»

ምላሽ፦ ጓደኛዎ የጫነልዎትን ፕሮግራም ዛሬውኑ ያስወግዱት። ጌሙን የሚያቆራርጠው እሱ ነው። ፋኑ ሲዳከም ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ፕሮሰሰሩም የተወሰነለትን 100 ዲግሪ ሲነካ ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በረድ ሲል ይፈጥናል፣ ወዲያው ደግሞ ይቀንሳል። በስክሪኑ ላይ እንደ መቆራረጥ የሚያዩት ይህንን መውጣትና መውረድ ነው። የሚያቃስትን ሕመምተኛ አፉን አፍኖ ዳነ እንደማለት ነው የተደረገው። ፋኑ የሚጮኸው ሥራ ስለበዛበት ነው፤ እኛ ማወቅ ያለብን ሥራው ለምን እንደበዛበት ነው።

ላፕቶፕ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። የእርስዎ ፕሮሰሰር በወረቀት ላይ 45 ዋት ይባላል፤ ለአጭር ጊዜ ግን ከዚያ በእጅጉ አልፎ ይወስዳል። ከእሱ በኋላ የመጡትም የባሱ ናቸው፤ ኢንቴል ራሱ ለ12ኛው ትውልድ ኮር አይ7 12700ኤች የጻፈው ከፍተኛ መጠን 115 ዋት ነው። ይህ ሙቀት ከጥፍር እምብዛም ከማይበልጥ ቺፕ ተነስቶ በስስ ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በኩል ወደ መዳብ ቱቦ፣ ከቱቦው ወደ ቀጫጭን የብረት ክንፎች ይሄዳል። ፋኑ በክንፎቹ መካከል አየር እየነዳ ያስወጣዋል። ቺፕ፣ ፔስት፣ ቱቦ፣ ክንፍ፣ አየር፦ ከእነዚህ አንዱ ከተስተጓጎለ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ቢሆን አይጠቅምም።

አዲስ አበባ እንደሚኖሩ መጥቀስዎ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው አየር ስስ በመሆኑ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ ያው ላፕቶፕ ዱባይ አየር ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል ውስጥ ከሚያሰማው ድምፅ ይልቅ አዲስ አበባ ላይ ጎላ ያለ ድምፅ ማሰማቱ የሚጠበቅ ነው። በውጭ አገር ሰዎች ለክተው የሚያወጡትን የሙቀት ቁጥር ከእርስዎ ጋር አያወዳድሩ፤ የተለካበት አየር ሌላ ነው። የእኛ የክፍል ሙቀት ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ጉዳቱን በከፊል ያካክሳል። ብዙ አምራቾች ላፕቶፖቻቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታና እስከ 35 ዲግሪ የአካባቢ ሙቀት እንዲሠሩ አድርገው ነው የሚያወጧቸው። ደብረ ብርሃን ያለ አንባቢ ለከፍታው ወሰን ይቀርባል፤ ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ያለው ደግሞ አየሩ ወፍራም ቢሆንለትም የሙቀቱን ወሰን ከቀትር በኋላ በቀላሉ ያልፈዋል።

አሁን ወደ 95 ዲግሪው። በጌም መካከል ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ስለደረሰ አይቃጠልም። ለጌም በተሠሩ ላፕቶፖች ላይ ከ80 እስከ 95 የተለመደ ነው። ወሰኑን ሲነካ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃው ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። «ላፕቶፔ በሙቀት ተቃጠለ» ተብለው ወደ እኔ ከመጡት ውስጥ አብዛኞቹ የተበላሹት በፈሰሰባቸው ውኃ ወይም በኤሌክትሪክ መዋዠቅ ነበር። ይህን ስል ግን 95ን ዓመቱን ሙሉ ተሸክሞ መኖር ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ፔስቱ ይደርቃል፣ የፋኑ መሽከርከሪያ ያረጃል፣ ከአጠገቡ ያለው ባትሪ ዕድሜው ያጥራል።

እኔን ያሳሰበኝ ከጌሙ ይልቅ የዩቲዩቡ ነገር ነው። ድረ ገጽ ሲያነቡ ወይም ሲጽፉ ፕሮሰሰሩ ከ45 እስከ 65 ዲግሪ ውስጥ መቆየትና ፋኑም እምብዛም አለመሰማት አለበት። በቀላል ሥራ የሚጮህ ከሆነ ከሁለት አንዱ ነው፦ ሳያውቁት የሚሠራ ነገር አለ፣ ወይም የሙቀቱ መውጫ ተደፍኗል። ሁለቱን ሳይለዩ ገንዘብ አያውጡ።

ለመለየት ኤች ደብሊው ኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑና የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የሚወስደውን ዋት ጎን ለጎን ይመልከቱ። ሁሉንም ፕሮግራም ዘግተው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ዋቱ ወደ 10 ወይም ከዚያ በታች ወርዶ ሙቀቱ ግን ከ60 በላይ ከቀረ መውጫው ታሟል። ዋቱ ራሱ 25ና 30 ላይ ከተሰቀለ ደግሞ የሆነ ፕሮግራም እየበላ ነው። ቀጥለው ጌሙን ይክፈቱና የሙቀቱን አወጣጥ ያስተውሉ። ከ50 ተነስቶ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ 95 ላይ ከዘለለ፣ ጌሙ ሲዘጋም እንዲሁ በአንዴ ከወረደ፣ ሙቀቱ ከቺፑ ወደ መዳቡ መሻገር አቅቶታል፤ ይህ የፔስት ነገር ነው። በአሥርና በአሥራ አምስት ደቂቃ ቀስ እያለ ወጥቶ ከዚያ አልወርድ ካለ መዳቡ ሙቀቱን ተቀብሏል፣ አየሩ ግን ሊወስድለት አልቻለም፤ ይህ የአቧራ ነገር ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው ጥገና ቤት ሲሄድ ምን እንደሚያሠራ አውቆ ይሄዳል።

የሚበላ ፕሮግራም ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን በአንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና ፕሮሰሰሩን የሚበላው የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ። ዩቲዩብን በተመለከተ አንድ የተለየ ምክንያት አለ። ዩቲዩብ ብዙ ቪዲዮዎችን ኤቪ1 በተባለ የአጨማመቅ ዘዴ ይልካል። ኢንቴል ይህን የሚፈታ ክፍል በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ያስገባው ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የእርስዎ ፕሮሰሰር ከዚያ የቀደመ ነው፣ ጂቲኤክስ 1650ም የለውም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሥራውን በጉልበቱ ይወጣዋል፣ ፋኑም ይነሳል። ቪዲዮው ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ሲከፍቱ የኮዴኩ (የአጨማመቅ ዘዴው) ስም በኤቪ01 የሚጀምር ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ኤቪ1ን የሚያግድ የብሮውዘር ተጨማሪ መጫን ወይም ጥራቱን ወደ 720 ማውረድ ብቻውን ላፕቶፑን ዝም ሊያሰኘው ይችላል።

ጌሙ ክራክ የተደረገ (ሳይገዛ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ)፣ ከሰው ፍላሽ የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ልናገር። በእንዲህ ያሉ ቅጂዎች ውስጥ በእርስዎ ኤሌክትሪክ ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር ፕሮግራም ተደብቆ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 አቫስት የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ ክራኮኖሽ ብሎ የሰየመውን ይፋ አድርጓል፤ ክራክ በተደረጉ ጌሞች ተሸሽጎ የጸረ ቫይረሱን መከላከያ እያጠፋ ሞኔሮ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ይቆፍር ነበር። ከምልክቶቹ አንዱ ላፕቶፑ ያለ ሥራ ተቀምጦ ሲጮህ ታስክ ማናጀር እንደተከፈተ ጸጥ ማለቱ ነው። ይህን ካዩ ሰነዶችዎን ብቻ አውጥተው ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጫኑ። መቀባባት አይበቃም።

አሁን ምንም የማያስወጣ፣ ከሁሉም በላይ የሚያረካ መፍትሔ ላይ ደርሰናል። ፕሮሰሰር የሚያመነጨው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቮልቴጁ ሁለተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ፍጥነቱ በ20 ከመቶ እንዲጨምር ቮልቴጁ 10 ከመቶ ከፍ ቢል ሙቀቱ በ45 ከመቶ ያድጋል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት የፍጥነት እርከኖች የሚገዙት በዚህ ውድ ዋጋ ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ አይፈልጋቸውም። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ»ን፣ ከዚያ የላቁ ማስተካከያዎችን ይክፈቱና «ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት» ሥር «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 ይለውጡ። አንድ ቁጥር ብቻ የቀነሱ ይመስላል፤ በተግባር ግን ፕሮሰሰሩ ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ እንዳይዘል ከልክለውታል። የእርስዎ 9750ኤች እስከ 4.5 ጊጋኸርዝ መዝለሉ ቀርቶ በ2.6 ይሠራል። ለጽሑፍ፣ ለቪዲዮና ለአብዛኛው የእግር ኳስ ጌም ይህ ይበቃል። ለውጡን በጆሮዎ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰሙታል። ትልቅ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ወይም ፕሮሰሰር የሚፈልግ ጌም የሚጫወቱ ከሆነ ግን ፍጥነት እንደሚያጡ ይወቁ፤ በዚያን ጊዜ ወደ 100 መመለስ ነው። ማስተካከያው በእርስዎ ዊንዶውስ ላይ ካልታየ በአምራቹ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ድምፅ የሚቀንስ (ሳይለንት) ሞድ ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው የፍሬም ወሰን ነው፤ ፍሬም ማለት ግራፊክስ ካርዱ የሚሥለው እያንዳንዱ ምስል ነው። ስክሪንዎ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱ 140 ፍሬም ቢሠራ የተረፈው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል እንጂ ዓይንዎ ጋ አይደርስም። ጌሙ ገና ሜኑ ላይ ሳለ፣ ኳሱ ሳይነካ፣ ፋኑ ሲያብድ ሰምተው ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ባዶ ሜኑ በሰከንድ በመቶዎች እየተሣለ ነው። በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል «ማክስ ፍሬም ሬት» የሚለውን 60 ላይ ያድርጉት። ከፋኑ ሌላ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ይሰማ ከነበረም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል፤ ፍሬም ሲበዛ በቦርዱ ላይ ካሉ ጥቅልሎች የሚመጣ ድምፅ ነው፣ ጉዳት የለውም።

ቮልቴጁን ብቻ በፕሮግራም መቀነስም ለእርስዎ ትውልድ ፕሮሰሰር ጥሩ መንገድ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ፕላንደርቮልት የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ብዙ አምራቾች በባዮስ (ኮምፒውተሩን በሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) ዘግተውታል። ክፍት ሆኖ ካገኙት ይሞክሩት፤ ለዚህ ብሎ ባዮስን ወደ አሮጌው መመለስን ግን አልመክርም።

ማስተካከያዎቹን ካደረጉ በኋላም መውጫው ከተደፈነ መጽዳት አለበት። አቧራው የሚጠራቀመው ሰው የሚያየው ቦታ ላይ አይደለም። በፋኑና በክንፎቹ መካከል፣ ልክ እንደ ተነደፈ ጥጥ፣ ጥቅጥቅ ያለ ንጣፍ ይሠራል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው የአዲስ አበባ አቧራ ላይ አልጋ ላይ ለሚጠቀም ሰው የጋቢና የብርድ ልብስ ብናኝ ይታከልበታል። ከፍቼ ያወጣሁት ንጣፍ አንዳንዴ በሁለት ጣት ተይዞ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ሳይበጠስ ይነሳል። አየር በዚህ ውስጥ አያልፍም። ከውጭ በቀዳዳው በኩል እፍ ማለት ንጣፉን ወደ ፋኑ መልሶ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም፤ የታችኛው ክዳን መከፈት አለበት።

እባክዎ ላፕቶፑን ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕረሰር አያስነፉት። ይህን ያደረጉ ብዙዎች አጋጥመውኛል። ከዚያ የሚወጣው አየር የውኃ ጠብታና ዘይት ይዞ ይመጣል፤ ጉልበቱም ፋኑን ከታሰበለት ፍጥነት በላይ አሽከርክሮ መሽከርከሪያውን ይጨርሰዋል። በኃይል የሚሽከረከር ፋን ደግሞ እንደ ትንሽ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ወደ ቦርዱ ሊመልስ ይችላል። ራስዎ የሚከፍቱት ከሆነ ያጥፉት፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ክዳኑ እንደተነሳ የባትሪውን ማገናኛ ያላቅቁ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሥለው እያንዳንዱን በቦታው ያስቀምጡ። የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ይዘው ንጣፉን በለስላሳ ብሩሽና በመቆንጠጫ ያንሱ። እጅዎን ካላመኑት ባለሙያ ጋ ይውሰዱት፤ ሲከፈት ግን አጠገቡ ይቁሙ፣ የወጣውንም አቧራ አሳዩኝ ይበሉ። ከጸዳም በኋላ ፋኑ ከአየር ሹክሹክታ ይልቅ የመፋቅ ወይም የቀጭ ቀጭ ድምፅ ካሰማ መሽከርከሪያው አልቋል፤ ዘይት ማንጠብጠብ ለሳምንታት ነው የሚያቆየው፣ ፋኑ ይቀየር።

የእርስዎ ፕሮሰሰር ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ፔስቱ ተቀይሮ ካልሆነ ከፋብሪካ የወጣበት ነው፤ ስለዚህ ለአቧራው በተከፈተበት አብሮ ይቀየር። አሮጌው የሚጠረገው 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ ለቁስል የሚሸጠው 70 ከመቶው ውኃ ይበዛበታል። አዲሱ ቺፑን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ስስ ሽፋን ይሁን። በማህደረ ትውስታ ቺፖቹ ላይ የተለጠፉት ለስላሳ ንጣፎች የራሳቸው ውፍረት አላቸው። ከተቀደዱ በዚያው ውፍረት ይተካሉ እንጂ በፔስት አይሞሉም፤ ክፍተቱ ለፔስት ሰፊ ነው። ፈሳሽ ብረት የሚባለውን ማንም ቢያሞግስልዎ እምቢ ይበሉ። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየምን ይበላል፤ አንዲት ጠብታ ቦርዱን ትገድላለች። ከፋብሪካ በፈሳሽ ብረት የተሠሩ ላፕቶፖችም ስላሉ ሞዴልዎ ከእነሱ አለመሆኑን ሳያረጋግጡ ሂትሲንኩን (ቱቦውንና ክንፎቹን የያዘውን ብረት) አያስነሱ።

ራም ጨምር ያለዎት ባለሱቅ የነገረዎት ለሌላ ችግር የሚሆን መድኃኒት ነው። ራም ማነስ ላፕቶፕን ያዘገያል፤ ዩቲዩብ ላይ አያስጮኸውም። የገዙት ማቀዝቀዣ ያልሠራው ደግሞ ውስጡ ከተደፈነ ከሥር የሚነፋው አየር የሚገባበት ስለሌለው ነው። ከጸዳ በኋላ ጥቂት ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል፣ ፋኖቹ ከላፕቶፑ የአየር ቀዳዳዎች ጋር ከተገጣጠሙ። እኔ ግን የኋላውን ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር በመጽሐፍ ወይም በተደራረበ የጠርሙስ ክዳን ከፍ ማድረግን እመርጣለሁ፤ ወጪ የለውም፣ ጥቅሙም ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው ነው። ላፕቶፑን ከሌላ ስክሪን ጋር አገናኝተው የሚጫወቱ ከሆነም ክዳኑን ክፍት ይተዉት፤ አንዳንዱ ሞዴል አየር የሚስበው በኪቦርዱ በኩል ነው።

ሁለት ነገር በብርቱ አስጠነቅቃለሁ። አንደኛ፣ እየተጫወቱ ጭንዎ ላይ አያስቀምጡት። ምድጃ ዳር አዘውትረው የሚቀመጡ እናቶች ቅልጥማቸው ላይ የሚወጣው መረብ መሰል ጥቁር ምልክት በላፕቶፕ ሙቀትም ይመጣል፤ ቆዳው ሳይቃጠል፣ ሕመም ሳይኖር ቀስ በቀስ ነው የሚወጣው። ሁለተኛ፣ ባትሪውን ይከታተሉ። የማውስ ሰሌዳው ወደ ላይ ከተነሳ ወይም የታችኛው ክዳን ጠረጴዛ ላይ አልተኛ ካለ ባትሪው አብጧል። በዚያው ደቂቃ ይጥፋ፣ ቻርጅ አይደረግ፣ አይወጋ፣ አይጫን፤ ባትሪው ሳይቀየር ላፕቶፑ እንደገና አይብራ። ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ የሚጫወቱ ከሆነ የአምራቹ ፕሮግራም ከፈቀደልዎ ቻርጁን 80 ከመቶ ላይ ይገድቡት፤ ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ አንድ ላይ ባትሪን ያስረጃሉ።

አይሽጡት። ዛሬ ማታ የጓደኛዎን ፕሮግራም ያስወግዱ፣ 99ኙንና የ60 ፍሬሙን ወሰን ያስገቡ፣ ኤቪ1ን ያግዱ፣ ክራክ የሆነ ጌም ካለም ይሰርዙ። በዚህ ሳምንት ውስጥ ያስከፍቱትና አቧራውም ፔስቱም በአንድ ቀን ይሠራ። ከዚያ በኋላ ጌም ሲጫወቱ ከ75 እስከ 85 ዲግሪ ካዩ በዚህ ከፍታ ላይ ደህና ነው፤ የፋኑ ድምፅ ይቀንሳል፣ ፈጽሞ ግን አይጠፋም፤ እንዲህ ባለ ቀጭን ሣጥን ውስጥ ጌም ያለ ድምፅ የለም። ሁሉም ተሠርቶ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ከ70 በላይ ከቀረ የመዳብ ቱቦው ራሱ ሞቷል ወይም ሂትሲንኩ ቺፑ ላይ በትክክል አልተቀመጠም። በዚህ ጊዜ ወደ ሠራልዎት ሰው ይመልሱትና ሂትሲንኩን አንስቶ የፔስቱን አሻራ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት፤ አሻራው በአንድ ጎን ብቻ ከሳሳ ብሎኖቹ በእኩል አልጠበቁም ማለት ነው፤ በሂትሲንኩ ላይ በተጻፈው ቁጥር ቅደም ተከተል እንደገና ይጠበቁ።